ከስኳር ፋብሪካ አመድ ጋዝ የሚይዝ ሲሊካና ዚዮላይት አሠራር

ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ፊንጫ አካባቢ የኖረ ሰው ባጋስን ያውቀዋል። አገዳው ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን ገለባ አይጥሉትም። ቦይለር ውስጥ አንድደው እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያገኙበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አመድ ግን ብዙም ፈላጊ የለውም።

ከ100 ቶን አገዳ 30 ቶን ገደማ እርጥብ ባጋስ ይወጣል። ያ ሲነድ ጥቂት መቶ ኪሎ አመድ ይተዋል። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ስንት ቶን አመድ እንደወጣ እናንተው አስሉት።

አመዱን የምንፈልገው ውስጡ ስላለው ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ ነው። አገዳ ከአፈር ውስጥ ሲሊካ በውሃ እየሳበ ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። ገለባው ሲነድ ሌላው ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ሲሊካው ይቀራል። ለዚህ ነው የባጋስ አመድ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹና ከዚያ በላይ ሲሊካ የሚሆነው። ከዚህ ሲሊካ ሁለት ነገር እናወጣለን፤ አንዱ ባለ ቀዳዳ ሲሊካ፣ ሌላው ዚዮላይት። ሁለቱም ጋዝ ይይዛሉ፣ ግን የሚይዙት ጋዝ ለየቅል ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ በሁለት ወር ልዩነት የመጣ አመድ እንኳ ይለያያል። አገዳው በዝናብ ታጭዶ ከሆነ ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ ቦይለሩ በደንብ ካልነደደ ከሰል ይበዛዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ግራም ቀድቶ መሥራት አያዋጣም። ከታች የምሰጣችሁ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ሥራውን የሚያቃናው መሃል ላይ ያለው የልኬት ደረጃ ነው። እሱን እንዳትዘሉት አደራ።

ሁለቱ ዕቃዎች ምን ይሠራሉ?

ባለ ቀዳዳ ሲሊካ ጫማና መድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ነጭ ጠጠር ዓይነት ነው። ቀዳዳዎቹ መጠናቸው የተለያየ ነው። እርጥበት በደንብ ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ለብቻው ብዙም አይይዝም።

ዚዮላይት ከሲሊካና ከአሉሚኒየም የተገነባ ክሪስታል ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ሶዲየም የያዘው ዚዮላይት ኤ የቀዳዳው በር 0.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል 0.33፣ የናይትሮጅን 0.36፣ የሜቴን 0.38 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላሉ ይገባል፣ ውስጥ ያሉት ሶዲየሞችም ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። ሜቴን በጭንቅ ይገባል፣ ቢገባም የሚይዘው የለም። ዚዮላይት ኤክስ ደግሞ በሩ 0.74 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ጋዝ በፍጥነት ያስገባል።

ዚዮላይት አንድ ድክመት አለው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ውሃ ይወዳል። እርጥብ ጋዝ ካጋጠመው ቀዳዳውን በውሃ ሞልቶ ቁጭ ይላል። ሁለቱንም የምንሠራው ለዚህ ነው። ሲሊካው ፊት ቆሞ እርጥበቱን ይቀበላል፣ ዚዮላይቱ ከኋላ ሆኖ ጋዙን ይይዛል።

የትኛው አመድ ይሻላል?

የባጋስ አመድ ጥሩ ነው፣ በተለይ ከጭስ መውጫው በኩል የሚሰበሰበው ደቃቁ። የሩዝ ገለባ፣ ማለትም የሩዝ ፍሬ ቅርፊት፣ አመድ ከሱም ይበልጣል፤ በደንብ ከነደደ ሲሊካው 90 በመቶ ይደርሳል። ፎገራ አካባቢ ያላችሁ ይህን መመሪያ እንዳለ ለሩዝ ተጠቀሙበት፤ ሥራው እንዲያውም ይቀላችኋል። የድንጋይ ከሰል አመድም ይሆናል፣ ግን መንገዱ ስለሚለይ ወደ ኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ።

የከተማ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚወጣ አመድ ግን አትንኩ። እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ሊይዝ ይችላል። በአሲድና በሶዳ ስታጥቡት መርዙ ወደ ፍሳሹ ይገባና ችግሩን ከአመድ ወደ ውሃ ታዛውሩታላችሁ።

ዕቃና ጥንቃቄ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቢያንስ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ እስከ 650 ዲግሪ የሚደርስ ፈርነስ (ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጥ የላብራቶሪ ምድጃ)፣ ኦቨን፣ የማይዝግ ብረት ድስት ከነክዳኑ፣ ሙቀት የሚችል ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ዓይነት)፣ የፒኤች ወረቀት (የአሲድና የሶዳ ኃይል መለኪያ፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ በላይ ሶዳ)፣ የማጣሪያ ወረቀት ወይም ወፍራም አቡጀዲ፣ ወንፊት፣ ማግኔት። ከኬሚካል ኮስቲክ ሶዳ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ እና 96 በመቶ አልኮል።

የአሉሚኒየም ድስት በጭራሽ እንዳትጠቀሙ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። አንድ ግራም አሉሚኒየም ከ1.3 ሊትር በላይ ሃይድሮጅን ይሰጣል። የአሉሚኒየም ቆርቆሮና ፎይል አሟሙተው የአሉሚኒየም ምንጭ የሚያደርጉ አሉ፤ ይሠራል። ነገር ግን ለታች ያለው ቀመር የሚበቃው አሉሚኒየም 3.7 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ ከእሳት ርቆ ሜዳ ላይ ካልሆነ አልመክረውም። የዱቄቱ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋዝ ስለማያወጣ እሱን ተጠቀሙ።

ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አትጨምሩ። አሲዱም እንደዚያው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው። መነጽር ሳታደርጉ ሶዳ አትክፈቱ፤ ቆዳ ላይ ቢፈስ ይታጠባል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አሲዱ ካለበት ክፍል በረኪና አውጡ፤ ሁለቱ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ደረቅ አመድ ስትነኩ ማስክ ይኑራችሁ። የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

አንደኛ ደረጃ፦ አመዱን ማጽዳት

አመዱን ሰፊ ባልዲ ውስጥ በውሃ በጥብጡና ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ጥቁሩ ያልነደደ ከሰል አብዛኛው ይንሳፈፋል። አሸዋው ታች ይቀመጣል። መሃል ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ግራጫ ደቃቅ ነው የምትፈልጉት። ተንሳፋፊውን ግፈፉ፣ ግራጫውን ከነውሃው ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡ፣ አሸዋውን እዚያው ተዉት። ይህ ቀላል ሥራ ብዙ ድካም ይቆጥባል። የእርሻው አሸዋ ኳርትዝ ነው፤ በሶዳ ብትቀቅሉት አይሟሟም፣ ሚዛን ላይ ግን ሲሊካ መስሎ ያታልላችኋል።

ግራጫው ሲረጋ ውሃውን አፍስሱ፣ አድርቁት፣ በወንፊት ንፉት፣ ከዚያ ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ አመዱ ላይ አመላልሱት። የብረት ብናኝ ተጣብቆ ይወጣል።

ቀጥሎ ፈርነስ። በሰፊ ሳህን ስስ አድርጋችሁ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ሰዓት አንድዱት። ጥቁሩ ወደ ነጣ ያለ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይለወጣል። ሮዝነቱ ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ቶሎ እንዲነጣ ብላችሁ ሙቀቱን ከ700 አታሳልፉ። አሁን ሲሊካው ቅርጽ አልባ ስለሆነ በሶዳ በቀላሉ ይሟሟል። ሙቀት ሲበዛበት ክሪስታል ይሠራል፣ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ያፋጥነዋል። ያኔ መቀቀል ዋጋ የለውም።

ከዚያ የአሲድ እጥበት። 37 በመቶ የሆነውን አሲድ 83 ሚሊ ሊትር ቀስ እያላችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አንድ ሊትር ሙሉት። ለእያንዳንዱ ግራም አመድ 10 ሚሊ ሊትር ከዚህ ውሁድ። ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ተኩል እያማሰላችሁ ያዙት። ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙና የብረቱ ክፍል ሟሙቶ ይወጣል፤ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ሰልፈሪክ አሲድ ርካሽ ነው ብላችሁ አትቀይሩት፤ ከካልሲየሙ ጋር ጂፕሰም ይሠራና አመዱ ውስጥ ይቀራል። አጣሩ፣ የፒኤች ወረቀቱ 6 ወይም 7 እስኪል እጠቡ፣ አድርቁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሲሊካውን ማውጣት

16 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ 200 ሚሊ ሊትር ሙሉት። 30 ግራም የጸዳ አመድ ጨምሩ። በማይዝግ ብረት ድስት ክዳኑን ገጥማችሁ ለ2 ሰዓት ቀቅሉ፣ አልፎ አልፎ አማስሉ። የድስቱን ውጪ የመጀመሪያው ከፍታ ላይ ምልክት አድርጉበትና የተነነውን ውሃ በሙቅ ውሃ ተኩ።

ሳይበርድ አጣሩ። የሚወርደው ፈሳሽ የሶዲየም ሲሊኬት ውሁድ ነው፤ ጥርት ያለ ወይም ቀለል ያለ ሻይ መልክ ያለው ይሆናል። ማጣሪያው ላይ የቀረውን አትጣሉ። ዝቃጩን በ20 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አጥባችሁ እጣቢውን ከፈሳሹ ቀላቅሉ። ፈሳሹን በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ ብርጭቆ ውስጥ ከቆየ ክዳኑ ተጣብቆ አልከፈት ይላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ልኬት

አደራ ያልኳችሁ ደረጃ ይህ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ስንት ግራም ሲሊካ እንዳለ ሳታውቁ ዚዮላይት ብትጀምሩ በግምት መሥራት ነው። ዚዮላይት ኤ ሲሊከንና አሉሚኒየምን እኩል በእኩል ይፈልጋል። አንዱ ሲበዛ ወይ ሌላ ክሪስታል ይወጣል፣ ወይ ቅርጽ የሌለው ዱቄት ይቀራል።

10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በትንሽ ቢከር ለኩ። የሳሳ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ እየጨመራችሁ አማስሉ። ፒኤች ወደ 10 ገደማ ሲወርድ ዳመና መሳይ ነገር ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ፈሳሹ ይወፍርና ከአጥሚት ወደ ገንፎ እንደሚሄድ ይጠጥራል። 7 ላይ አቁሙ። ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት በ110 ዲግሪ አድርቁ፣ ፍጩ፣ ጨው ስላለበት በሙቅ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ፣ እንደገና አድርቃችሁ በ500 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አንድዱና መዝኑ።

የመዘናችሁትን በ10 አባዙ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የሲሊካ ግራም ያ ነው። 0.6 ግራም ካገኛችሁ 6 ግራም ማለት ነው፤ ከታች ያለውም ቀመር በዚሁ የተሰላ ነው። ከ4 በታች ከወጣ ወይ አመዱ አሸዋ በዝቶበታል፣ ወይ ፈርነሱ ከልክ በላይ ሞቋል። በደካማ ፈሳሽ ወደፊት ከመሄድ ተመልሶ አመዱን ማየት ይሻላል።

አራተኛ ደረጃ፦ ባለ ቀዳዳ ሲሊካ

አሠራሩ አሁን ካደረጋችሁት ልኬት ብዙ አይለይም፤ መጠኑ ይጨምራል፣ ጥንቃቄውም እንዲሁ። 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውሰዱ። አሲዱን ቀስ አድርጋችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ከ7 እስከ 8 ባለው ፒኤች አቁሙ። ጄሉ ሲያዝ ማማሰያውን ለቀቅ ብታደርጉት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሸፍናችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጄሉ አጥንት ይጠነክራል።

ከዚያ ቆራርጡትና ጨዉ እስኪወጣ በሙቅ ውሃ እጠቡት። አሁን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ጄሉን ከነውሃው ብታደርቁት፣ ውሃው ሲተን የቀዳዳውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጄሉም ይኮማተራል። የውሃ የገጽ ውጥረት 72፣ የአልኮል ደግሞ 22 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃውን በአልኮል እንተካዋለን። የታጠበውን ጄል አልኮል ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አልኮሉን ቀይሩ፣ አሁንም ድገሙት። ከዚያ ነፋሻ ቦታ ላይ አናፍሱት፣ ቀጥሎ በ80 ዲግሪ አድርቁት። አልኮሉ ሳይተን ኦቨን ውስጥ አታስገቡት፣ ይቀጣጠላል። በአልኮል የደረቀው ቀላልና ነጭ ይሆናል። በውሃ የደረቀው ጠጣር፣ ብርጭቆ መሳይና ቀዳዳው ጠባብ ይሆናል። እሱም እርጥበት ይይዛል፣ የተበላሸ አይምሰላችሁ።

ይህን ሲሊካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ፖሊኢታይሊንኢሚን የሚባለውን አሚን በአልኮል አሟሙቶ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያስገባዋል። ጋዙን በ75 ዲግሪ ገደማ ይይዛል፣ በ100 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይለቃል። ጥሩ ዘዴ ነው። ኬሚካሉ ግን በቀላሉ የሚገኝ ስላልሆነ ለጀማሪ ዚዮላይቱን እመርጣለሁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ዚዮላይት

*ዚዮላይት ኤ።* 6 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። 7.8 ግራም አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩና ጥርት እስኪል ቀቅሉ፤ የተነነውን ውሃ መተካት አትርሱ። ለብ ሲል፣ 6 ግራም ሲሊካ በያዘው 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱት። ወዲያው ወተት የመሰለ ወፍራም ጄል ይሆናል። እንዳይጓጉል 30 ደቂቃ በደንብ ምቱት።

የእናንተ ፈሳሽ 6 ግራም ካልሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ግራም ሲሊካ 1.3 ግራም አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ። 5 ግራም ከሆነ 6.5፣ 7 ግራም ከሆነ 9.1።

ጄሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ድረስ ሙሉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ 95 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሰዓት አስቀምጡ። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰዎች አንድ ነገር አስቡ። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠርሙሱን የፈላ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ከዚያ በላይ አይሞቅም። የውጭ መጻሕፍት 100 ዲግሪ ለ3 ሰዓት ሲሉ የሚጽፉት ለባሕር ጠለል ነው። ኦቨን ከሌላችሁና በፈላ ውሃ ከሠራችሁ ሰዓቱን ወደ 6 አድርሱት።

መድረሱን እንዴት ታውቃላችሁ? ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። መጀመሪያ ሙሉውን አንድ ወጥ ወተት ነበር። ክሪስታሉ ሲሠራ ወተቱ ይለያል፤ ከላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከታች ከበድ ያለ ነጭ ዱቄት። ይህን ስታዩ አውጡት። ይበልጥ ይጠንክር ብላችሁ ሌሊቱን ብታሳድሩት ዚዮላይት ኤው ሶዳላይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይለወጣል። የሶዳላይት ቀዳዳ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አይበቃም። መልኩም ያው ነጭ ዱቄት ስለሆነ በዓይን አትለዩትም።

አጣሩና ፒኤች 9 ወይም 10 እስኪሆን በውሃ ብቻ እጠቡ። ቶሎ ወደ 7 እንዲወርድ ብላችሁ አሲድ እንዳትጨምሩ። ዚዮላይት ኤ በአሲድ ይፈርሳል።

*ዚዮላይት ኤክስ።* ብዙ ጋዝ መያዝ የሚችለው ይኼ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። አሉሚኒየሙን በግማሽ ቀንሱ። ለ6 ግራም ሲሊካ 3.9 ግራም አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ። ከተቀላቀለ በኋላ ጄሉን በክፍል ሙቀት አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ የክሪስታሉ ዘር የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በ90 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ሳትነቀንቁ። ካነቃነቃችሁት ወይም ሙቀቱን ከፍ ካደረጋችሁ ዚዮላይት ፒ የሚባለው፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነው ይመጣል።

የድንጋይ ከሰል አመድ ከሆነስ?

የከሰል አመድ ሲሊካም አሉሚኒየምም አለው፣ ግን ብዙው ኳርትዝና ሙላይት በሚባሉ ግትር ማዕድናት ውስጥ ተቆልፏል። በሶዳ መቀቀል ብቻውን አይከፍታቸውም። አንድ እጅ አመድ ከ1.2 እጅ ደረቅ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅላችሁ በ550 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቅልጡ። የሸክላ ሳህን ሶዳው ይበላዋል፤ ኒኬል ካገኛችሁ እሱ፣ ካጣችሁ ወፍራም የማይዝግ ብረት። የቀለጠውን ፍጩ፣ በክብደቱ አምስት እጥፍ ገደማ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን አማስሉ፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። የሚወጣው ብረት ስላለበት ግራጫ ነው፣ ንጹሕም አይሆንም። ለሽታና ለእርጥበት ግን ይበቃል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ማንቃት

ታጥቦ የደረቀ ዚዮላይት ቀዳዳው አሁንም በውሃ የተሞላ ነው። ውሃውን ማስወጣት አለባችሁ። መጀመሪያ በ110 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ 350 አድርሱና 3 ሰዓት ያዙት። በአንዴ ወደ 350 ብታስገቡት የሚወጣው እንፋሎት ክሪስታሉን ይጎዳዋል። ትኩስ እንዳለ፣ ለእጅ ሲመች፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ዝጉበት። ክፍት ካደረ የክፍሉን እርጥበት ጠጥቶ ያድራል።

ጋዝ በዱቄት ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ከማንቃት በፊት ዱቄቱን ከ15 እስከ 20 በመቶ ቤንቶናይት ከሚባለው ሸክላ ጋር በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ፣ በትልቅ ስሪንጅ እየገፋችሁ ክር አውጡ። ሲደርቅ ቆራርጡትና በ500 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ተኩሱት። ከ600 በላይ አትውጡ።

ይሠራ እንደሆነ መሞከር

የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ኤክስሬይና የናይትሮጅን መለኪያ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ካላገኛችሁ ሦስት ሙከራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የአንድ ደቂቃ ነው። ጥቂት የነቃ ዚዮላይት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጥሩ ከሆነ ብርጭቆው ግልጽ በሆነ ሁኔታ ይሞቃል። ጥሬ አመድ እንዲህ አያደርግም።

ሁለተኛው በሚዛን ነው። 2 ግራም የነቃ ዱቄት በስስ ሳህን፣ የማግኒዥየም ክሎራይድ ጨው በጥቂት ውሃ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠበት ዝግ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ያ ጨው አየሩን 33 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆየዋል። በማግስቱ መዝኑ። ጥሩ ዚዮላይት ኤ ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። 10 በመቶ ከሆነ ግማሹ ብቻ ዚዮላይት ሆኗል ብላችሁ ገምቱ።

ሦስተኛውን ተማሪዎች ይወዱታል። ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ አፍስሱና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደረቅ ሲሊካችሁ ውስጥ አሳልፉ። አንድ ግራም ቤኪንግ ሶዳ ከሩብ ሊትር በላይ ጋዝ ይሰጣል። 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውስጥ ግማሽ ግራም የነቃ ዚዮላይት አስቀምጡ፣ ጋዙን ሙሉበት፣ አፉን በጣታችሁ ወይም በክዳን ዝጉ። ገፊውን ማንም ሳይነካው ወደ ውስጥ ይገባል። 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ከገባ በግራም 3 ሚሊሞል ያህል ይዟል ማለት ነው (ሞል የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው፤ አንድ ሚሊሞል ጋዝ 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል)፤ ከአመድ ለተሠራ ዚዮላይት ይህ በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ስሪንጁ ጠበቅ የሚል ከሆነ ገፊውን በሲሊኮን ቅባት ትንሽ አለስልሱት። ያለ ዚዮላይትም አንድ ጊዜ ሞክሩና አወዳድሩ።

የት ይጠቅማል?

ባዮጋዝ ላይ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ባዮጋዝ ከ30 እስከ 45 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ለማብሰያ ብቻ ከሆነ ማውጣት አያስፈልግም፣ ምድጃው እንዲሁ ይነድዳል። ለሞተር ወይም በሲሊንደር ለመጨመቅ ከሆነ ግን ያስፈልጋል። ሂሳቡን እዩት። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ባዮጋዝ ውስጥ 400 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢኖር 16 ሞል ገደማ ነው። ዚዮላይቱ በተግባር በኪሎ 1.5 ሞል ቢይዝ ወደ 11 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ያውም በየዙሩ እየሞቀ እየታደሰ። ስለዚህ በትንሽ ቱቦ ጀምሩና አሠራሩን አጥኑ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ከቶርኖ ቤት የሚገኝ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንዲይዝ፤ ቀጥሎ ሲሊካው፤ መጨረሻ ዚዮላይቱ።

በትንሽ መጠን ቶሎ የሚታይ ጥቅም የምታገኙት አሞኒያ ላይ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ያንን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ታውቁታላችሁ። ዚዮላይት አሞኒያን አጥብቆ ይይዛል። ለዚህ ንጹሕ ክሪስታል አያስፈልግም፤ ግራጫው የከሰል አመድ ዚዮላይትም ይሆናል።

የሆስፒታል ኦክስጅን ማምረቻዎች ዚዮላይት ይጠቀማሉ፤ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። እናንተ የሠራችሁትን ግን ሰው ለሚተነፍሰው አየር አትጠቀሙ። አቧራውም፣ ከአመዱ የቀረው ብረትም በዚህ መመሪያ ባሉ ሙከራዎች አይታወቅም።

ዚዮላይቱ ሲጠግብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ከያዘ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ይበቃዋል። ውሃ ከጠጣ ወደ 350 መመለስ አለበት። ሲሊካው በ120 ይታደሳል።

ፍሳሹና ዝቃጩ

የአሲዱ እጣቢና የሶዳው እጣቢ አንዱ ሌላውን ይሰብራል። በተለየ በርሜል አጠራቅሟቸውና ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉ፣ ፒኤች 7 አካባቢ ይድረስ፣ ዝቃጩ ይርጋ። ወደ አዋሽም ሆነ ወደ ሰፈር ቦይ ሶዳውን እንዳለ አትልቀቁ። ከዚዮላይቱ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብዙ ሶዳ ስላለው አትድፉት፤ ለቀጣዩ ዙር አመድ መቀቀያ ተጠቀሙበት፣ የምትጨምሩትንም ሶዳ በዚያው ልክ ቀንሱ።

ከባልዲው ላይ የገፈፋችሁትን ጥቁር ከሰልም እጠቡና አድርቁት። ራሱ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ከሲሊካው በፊት በትንሽ ከረጢት ብታስገቡት ቅባትና ሽታ ይይዛል።